ማስታወቂያው ላይ ስሙ የሌለ ሥራ

አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት አንገቱን አቅንቶ ስልክ ቁጥር የሚገለብጥ ሥራ ፈላጊ ዛሬም አይጠፋም፤ የሚበዛው ግን ወደ ቴሌግራም ቻናሎች ተሰዷል። ሰሌዳው ላይም ስልኩ ላይም የሚነበበው አንድ ነው። «የትምህርት ደረጃ፦ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። ብዛት፦ 2። ደመወዝ፦ በስምምነት።» ከዚህ ጀርባ ያለው ሥራ ጄኔሬተር መጠገን ይሁን፣ የሕንጻ ሽቦ መዘርጋት ይሁን፣ ወይስ በአንዲት ቺፕ ውስጥ የሚኖር ፕሮግራም መጻፍ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ እስኪደርሱ ድረስ የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛውን የሚፈልጉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አርዱዪኖ በሚባለው ትንሽ ቦርድ ላይ አምፖል ሲያበሩ ፍቅሩ ገብቷቸዋል፤ ከተመረቁ በኋላ «ኢምቤድድ ሲስተም ኢንጂነር» የሚል ማስታወቂያ ሲያስሱ ይከርማሉ። አያገኙም። ከዚያ ግማሹ ድረ ገጽ መሥራት ይማራል፣ ግማሹ የባንክ ፈተና ይቀመጣል፣ የቀረው «እዚህ አገር ይህ ሥራ የለም» ብሎ ይደመድማል። እኔም ይህን ድምዳሜ ለረጅም ጊዜ ስሰማ ቆይቼ አምኜው ነበር ማለት ይቻላል። ሥራው ያለበትን ቦታ ዞር ዞር ብሎ ላየ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ በአጭሩ የሚዘጋ አይደለም።

ሁለት ኪሎባይት

ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ አስቡት። የሚያልፈውን ኃይል ይለካል፣ ከሒሳባችሁ ይቀንሳል፣ ሒሳቡ ሲያልቅ መስመሩን ይቆርጣል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ የቀረውን አይረሳም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ውስጡ ያለ ኮምፒዩተር ነው። ኪቦርድ የለውም፣ ዊንዶውስ የለውም፣ ተጠቃሚው ኮምፒዩተር መሆኑንም አያውቅም። ሊፍቱ ውስጥ፣ ኤቲኤሙ ውስጥ፣ በሆስፒታል አልጋ ራስጌ ባለው የኦክስጅን መለኪያ ውስጥ፣ በሶላር ፓምፑ መቆጣጠሪያ ውስጥ ያለው እንዲሁ ነው። ኢምቤድድ ሲስተም ማለት ይህ ነው፤ በሌላ ዕቃ ውስጥ ተቀብሮ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ኮምፒዩተር።

የመጠኑን ነገር ካላዩት የሙያው ችግር አይገባም። በየተማሪው እጅ ያለው የተለመደው አርዱዪኖ ቦርድ ኤትሜጋ328ፒ በሚባል ቺፕ ይሠራል። በዚህ ቺፕ ላይ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት የማስታወሻ ቦታ 2,048 ባይት ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ማስታወሻውን ሁሉ በፊደል ብንሞላው 682 ፊደል ይይዝና ያበቃል፤ የዚህ ዘገባ አንድ ረዘም ያለ አንቀጽ ማለት ነው። ለፕሮግራሙ ማስቀመጫ 32 ኪሎባይት፣ መብራት ሲጠፋም ለማይጠፋ መረጃ ደግሞ 1 ኪሎባይት አለው። እዚህ ውስጥ ተብቃቅቶ መኖር ነው ሥራው።

አርዱዪኖ እ.አ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሬያ ከተማ ሲጀመር ለመሐንዲሶች አልታሰበም፤ ኤሌክትሮኒክስ ለማያውቁ የዲዛይን ተማሪዎች የተሠራ ነበር። ዲዛይኑ ለማንም ክፍት ስለነበር ቻይና ውስጥ ቅጂው በርካሽ ተባዛ፤ አዲስ አበባ የደረሰውም ብዙው ቅጂው ነው። ቅጂ መሆኑን የሚያሳብቀው ኮምፒዩተሩ ላይ ሲሰካ ነው፤ ሲኤች340 ለተባለችው ርካሽ የዩኤስቢ ቺፕ ሾፌር የሚባለውን ፕሮግራም ካልጫኑለት ቦርዱ ብዙ ጊዜ አይታይም። የምሕንድስና ተማሪ የመጀመሪያ እንቅልፍ አልባ ሌሊት ብዙውን ጊዜ ከዚህች ቺፕ ጋር ነው። በኋላ፣ እ.አ.አ. በ2016፣ ዋይፋይና ብሉቱዝን ባንድነት የያዘው ኢኤስፒ32 መጣና የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ሁሉ «ስማርት» አደረገው፦ ስማርት መስኖ፣ ስማርት ቤት፣ ስማርት የቆሻሻ ገንዳ።

ስለ መመረቂያ ፕሮጀክት ካነሳን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በየዓመቱ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ፕሮቲየስ በሚባለው የማስመሰያ ሶፍትዌር ላይ ተሠርተው እዚያው የሚቀሩ ናቸው። ፕሮቲየስ ላይ ሽቦ አይላላም፣ ባትሪ አይደክምም፣ ጄኔሬተር ሲነሳ ቮልቴጅ አይወርድም። መምህራኑን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ዕቃው በዶላር የሚገዛ፣ ተማሪው ብዙ፣ ላቦራቶሪው ጠባብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ክፍት ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ያኔ የቦርድና የሴንሰር ዋጋም አብሮ ሄደ። ቢሆንም ቀጣሪዎች የሚናገሩት አንድ ነው፦ የፕሮቲየስ ሥዕል ይዞ የመጣና የተቃጠለ ቦርድ ይዞ የመጣ ሁለት ተመራቂ ቢቀርብላቸው ሁለተኛውን ያነጋግራሉ።

ሶኬቱን ንቀዪው

የኃይል መቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን ከውጭ እያስመጣ ለአገሩ ሁኔታ የሚያስተካክል አንድ ድርጅት አለ። የምሕንድስና ክፍሉ ኃላፊ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ያሉ ሰው ናቸው፤ የድርጅቱንም የእሳቸውንም ስም ላልጠቅስ ተስማምተን ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ ጥግ ይዤ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ተፈታኟ በኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምሕንድስና የተመረቀች ወጣት ናት። የመጣችው «ጁኒየር ኤሌክትሪካል መሐንዲስ» የሚል ማስታወቂያ አይታ ነው። ሲቪዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ኃላፊው ገለበጡት እንጂ አላነበቡትም።

«ልምድ የለሽም» አሏት።

«የለኝም ኢንጂነር። ግን አንድ ነገር ሠርቻለሁ» አለችና ከቦርሳዋ በካርቶን የታሸገ ሣጥን አወጣች። የባንክ ወረፋ ማሳያ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት «ተራ ቁጥር» ብሎ በአማርኛ ይጽፍና ቁጥሩን ያስከትላል።

ኃላፊውን የሳባቸው አማርኛው ነበር። ርካሹ ባለ ሁለት መስመር ማሳያ የላቲን ፊደላት ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ ተጠቃሚው ራሱ እንዲስልበት የሚፈቅደው ስምንት ፊደል ብቻ፣ እያንዳንዱም በ5 በ8 ነጥቦች ውስጥ ነው። የአማርኛ ገበታ 33 በ7፣ ያውም ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ነው። «ስምንት ቦታ እንዴት በቃሽ?» ብለው ጠየቋት። የምትፈልጋቸውን ቃላት ስትቆጥር የሚደጋገሙት ፊደላት ከስምንት እንዳላለፉ፣ ሌላ ቃል ሲመጣ ደግሞ የድሮዎቹን አጥፍታ አዲሶቹን እንደምትስልባቸው አስረዳች። «ምሥሉ ደስ አይልም፤ የ‹ቁ› እግር ተቆርጧል» ስትል ሳቁ።

ከዚያ «ሶኬቱን ንቀዪው» አሏት። ነቀለች። «መልሰሽ ሰኪው።» ሰካች። ማሳያው ላይ 1 ቁጥር መጣ።

«አርባ ሰባት ላይ ነበር እኮ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደገና ከአንድ ሊጀመር ነው? ባንኩ ውስጥ ሰው ይደባደባል።»

«ኢኢፒሮም ላይ ማስቀመጥ ይቻላል» አለች፤ መብራት ቢጠፋም የማይጠፋውን ያን 1 ኪሎባይት ማለቷ ነው።

«በየስንት ጊዜው ታስቀምጫለሽ?»

«በየሰከንዱ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበሏት። የዚያ ማስታወሻ እያንዳንዱ ሕዋስ 100,000 ጊዜ እስኪጻፍበት ድረስ አምራቹ ዋስትና እንደሚሰጥ ነገሯትና አስዪ አሏት። መቶ ሺህ ሰከንድ ለ3,600 ሲካፈል 27 ሰዓት ከምናምን ይሆናል። ዕቃው ሰኞ ጠዋት ቢተከል ማክሰኞ ከሰዓት በፊት ዋስትናው አለቀ ማለት ነው። ልጅቱ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች፤ ወረቀቱን ግን አልመለሰችም። በየሰከንዱ ሳይሆን ቁጥሩ ሲቀየር ብቻ ብትጽፍስ? በቀን 500 ሰው ቢስተናገድ 200 ቀን። አሁንም አይበቃም። አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ከመጻፍ በየተራ ቦታ እየቀየረች ብትጽፍስ? ሁለት ሁለት ባይት ብትወስድ 512 ቦታ አለ፤ 200 ቀኑ በ512 ተባዛ። «ባንኩ ራሱ ያን ያህል አይቆይም» አሉ ኃላፊው፤ ሲቪዋ ጥግ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረጉ።

እኔ እንዳየሁት ሥራውን ያገኘችው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረው ግማሽ ሰዓት ደንብ ነበር። ደንቡም ቢሆን መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ እስከ ሙኒክ የሚጠየቀው ተመሳሳይ ነው። ናይጀል ጆንስ የተባለ መሐንዲስ እ.አ.አ. በ2000 ለዚህ ሙያ ተፈታኞች የሚሆኑ 16 ጥያቄዎችን ጽፎ ነበር። በርዕሱ ላይ ቁጥሩን የሙያው ሰዎች በሚቆጥሩበት በሄክሳዴሲማል ስለጻፈው 10 ይመስላል፤ ርዕሱን በትክክል ያላነበበ ፈተናውን ከበሩ ላይ ወደቀ እንደማለት ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ከዚያ ዝርዝር ያልተቀዳ ቃለ መጠይቅ ማግኘት ይከብዳል።

ከሁሉ የሚዘወተረው ቮላታይል ስለተባለችው የሲ ቋንቋ ቃል የሚቀርበው ነው። ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ሥራ ማሳጠር ይወዳል፤ ጠዋት የፖስታ ሣጥኑን ከፍቶ ባዶ ያገኘ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያይ «ባዶ ነው» እያለ እንደሚመልሰው፣ አንድ ጊዜ ያነበበውን ዋጋ እንደያዘ ይቆያል። ለተራ ፕሮግራም ችግር የለውም። እዚህ ግን ያን ዋጋ ከውጭ የሚቀይረው አለ፤ ሰው ቁልፍ ይጫናል፣ ሴንሰር ይነቃል፣ ኢንተራፕት የሚባለው አቋራጭ ጥሪ ይመጣል። ቮላታይል ማለት «ይህን ሁልጊዜ ሄደህ እይ» ብሎ ኮምፓይለሩን ማዘዝ ነው። ቃሉን የዘነጋ ሰው ፕሮግራሙ ጠረጴዛው ላይ ይሠራለትና ደንበኛው ዘንድ ይቆምበታል። ትርጉሙን በቃሉ የሸመደደ ብዙ ነው፤ «መቼ ነው የጎዳህ?» ሲባል ታሪክ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ሌላዋ የማትቀር ጥያቄ የማርስ ናት። ፓዝፋይንደር የተሰኘችው የናሳ መንኮራኩር እ.አ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ካረፈች ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒዩተሯ በራሱ ጊዜ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። ችግሩ የቅደም ተከተል ነበር። የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ተግባር የጋራውን ቁልፍ ይዟል፤ የመረጃ መስመሩን የሚያስተዳድረው ከፍተኛ ተግባር ያንኑ ቁልፍ ይጠብቃል፤ በዚህ መሐል ቁልፉን የማይፈልጉ መካከለኛ ተግባራት ዝቅተኛውን እየቀደሙ ሥራውን እንዳይጨርስ ያደርጉታል። ስለዚህ ትልቁ በትንሹ ምክንያት ይቆማል። ጠባቂው ሰዓት ትልቁ ሥራ እንዳልተጠናቀቀ ሲያይ ማሽኑን እንደገና ያስነሳዋል። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው መንትያ ማሽን ችግሩን ደግመው አዩትና ቁልፍ የያዘ ዝቅተኛ ተግባር የሚጠብቀውን ደረጃ እንዲወርስ የሚያደርገውን ቅንብር ከምድር በትእዛዝ ከፈቱት። ፈታኞች ይህን የሚጠይቁት ስለ ማርስ ለማውራት አይደለም፤ ተፈታኙ በአንድ ፕሮሰሰር ላይ የሚሻሙ ሥራዎችን ጠብ በዓይነ ሕሊናው ማየት ይችል እንደሆነ ለመለየት ነው።

ማሽኑ ያለበት ቦታ

ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። «ኢምቤድድ» የሚለውን ቃል የሚጽፍ ቀጣሪ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ምርቱን ከባዶ የሚነድፍ ድርጅት ጥቂት ስለሆነ። ማሽኑ ግን በየቦታው አለ፤ ማሽኑ ባለበት ሁሉ ደግሞ ከውስጡ ያለውን የሚያነብ ሰው ይፈለጋል። ሲሚንቶና ቢራ ፋብሪካ ውስጥ «አውቶሜሽን ቴክኒሻን» ይሉታል፤ ሥራው የፋብሪካ ማሽኖችን የሚቆጣጠረውን ኮምፒዩተር፣ ፒኤልሲን፣ ፕሮግራም ማድረግ ነው። አየር መንገድ ውስጥ «አቪዮኒክስ» ነው። ሆስፒታል ውስጥ «ባዮሜዲካል»፣ ቴሌኮም ውስጥ «ፊልድ ኢንጂነር» ነው። እነዚህ ሁሉ ፈርምዌር፣ ማለትም በቺፕ ውስጥ የሚኖረውን ፕሮግራም፣ መጻፍ ናቸው አልልም፤ አይደሉም። ወደዚያ የሚያስገቡ በሮች ግን ናቸው፤ ከበሩ ውጭ ቆሞ ከመጠበቅ ገብቶ ማየት ይሻላል።

በአሁኑ ጊዜ በፍጥነት እየሰፋ ያለው በር የኤሌክትሪክ መኪናው ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ጋራዡ ሁሉ ግራ ገብቶታል። የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር መካኒክ ድምፅ የሌለው መኪና ፊት ቆሟል። አንድ ጋራዥ ውስጥ ያገኘሁት ወጣት በትምህርቱ የቁጥጥር ምሕንድስና ምሩቅ ነው፤ የቀጠሩት ግን «የመኪና ኤሌክትሪሻን» ብለው ነው። ላፕቶፑን በአንዲት ትንሽ አስማሚ ከመኪናው ጋር አገናኝቶ ያለማቋረጥ የሚወርዱ ቁጥሮችን ያያል። ቁጥሮቹ ካን በሚባለው የመልእክት መስመር፣ ቦሽ እ.አ.አ. በ1986 ባስተዋወቀው፣ የመኪናው ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚላላኳቸው ናቸው።

«ስክሪኑ ቻይንኛ ነው የሚያወራው፤ መስመሩ ግን ቁጥር ነው» አለኝ። የባትሪው ተቆጣጣሪ አንዱ ሴል ከሌሎቹ ዝቅ ማለቱን እየነገረ ነበር። ባለቤቱ ሙሉ ባትሪ መቀየር አለብህ ተብሎ ከሌላ ጋራዥ የመጣ ሰው ነው።

«ማኑዋሉን ከየት አገኘኸው?» ስለው «ማኑዋል የለም» አለና የራሱን ደብተር አሳየኝ። የትኛው ቁጥር የበር፣ የትኛው የፍጥነት፣ የትኛው የሙቀት እንደሆነ በሩን እየከፈተና እየዘጋ፣ መኪናውን እየነዳ ያወጣው ነው። ያ ደብተር ከየትኛውም ሰርተፊኬት የሚበልጥ ማስረጃ ይመስለኛል፤ እሱ ግን ሲቪው ላይ አልጻፈውም፤ «ሥራ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለ ሳተላይት ሥራ የሚጠይቁኝም አሉ። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በሥራው ተሳትፈዋል፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እንጦጦ ላይ ነበር። ሥራው የሚያስጎመጅ ቢሆንም የሚቀጥረው ሰው ቁጥር ከሚመኘው ጋር አይገናኝም። ሳተላይት ብቻ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

ከአገር ውጭ

ትልቁ ገበያ ውጭ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። ጀርመን ውስጥ ስቱትጋርትና ሙኒክ፣ የመኪና ፋብሪካዎቹና የዕቃ አቅራቢዎቻቸው አገር፣ ይህን ሙያ በስሙ ጠርተው ነው የሚያስታውቁት። የሚጠይቁት ሲ፣ ካን፣ የመኪና ደኅንነት ደረጃ የሆነውን አይኤስኦ 26262ን ማወቅና፣ ብዙ ጊዜ፣ ጀርመንኛ ነው። ከእ.አ.አ. 2024 ወዲህ ሥራ ለመፈለግ የሚያስገባ በነጥብ የሚሰላ የ«ዕድል ካርድ» ቪዛ ጀርመን አላት፤ ከዚያ በፊት ግን ዲግሪው ተቀባይነት እንዳለው ማረጋገጥ ይቀድማል። ወጣቶቻችን ቋንቋውን የመጨረሻ ያደርጉታል። መጀመሪያ መሆን ነበረበት።

አሜሪካ ላሉት ወገኖች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከሚወጡት የዚህ ሙያ ክፍት ቦታዎች ብዙዎቹ የመከላከያ ሥራ ተቋራጮች የሚያወጧቸው ናቸው። የጦር መሣሪያ ወጪ ንግድ ሕጉ በአብዛኛው ተቀጣሪው ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት ያገኘ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የምስጢር ፈቃድ ካስፈለገ ደግሞ ዜግነት ግድ ነው። ስለዚህ በሥራ ቪዛ ያለ ልጅ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ አለበት፤ መጨረሻው መስመር ላይ ነው የሚጻፈው። የሕክምና መሣሪያ፣ የፋብሪካና የቤት ዕቃ አምራቾች ዘንድ ይህ ገደብ ብዙውን ጊዜ የለም።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት መሥራትስ? ለድረ ገጽ ሠሪ የሚቀለውን ያህል አይቀልም። ቦርዱ እነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የቮልቴጅን ለውጥ በቅጽበት የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕም እዚያ ነው። አንዱን ቦርድ በፖስታ ቢልኩ ጉምሩክ አለ። ማስመሰያዎቹ ተሻሽለዋል፤ ዎክዊ የሚባለው ኢኤስፒ32ን በአሳሽ ውስጥ ያስኬዳል፣ ሬኖድ የሚባለው ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ የሃርድዌር ሾፌርን ከመጻፍ ይልቅ ከሃርድዌሩ ራቅ ያለውን የፕሮግራም ክፍል መፈተንና ማረም በርቀት ይሠራል። በዚህ በኩል የገቡ ልጆች አሉ። የገቡበትን መንገድ ስጠይቅ የሰማሁት ይመሳሰላል፦ ዜፊር በሚባለው ክፍት ኮድ የትንንሽ መሣሪያዎች ሥርዓት ላይ አንዲት ስሕተት አግኝተው ማስተካከያ ላኩ፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተቀባይነት አገኘ፤ ከዚያ አንድ ቀጣሪ ኮዳቸውን አንብቦ ጻፈላቸው።

የሙከራ ጊዜ

ወረፋ ማሳያዋን ይዛ የመጣችው ልጅ ተቀጠረች። የሥራ ውሉ ላይ ያለው መደብ ያው «ጁኒየር ኤሌክትሪካል መሐንዲስ» ነው። እሷ ግን ከመፈረሟ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉ ዘንድ ገብታ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ «የመቆጣጠሪያ ቦርዶችን ፈርምዌር መጻፍና መፈተሽ» የሚል አንድ መስመር እንዲገባላት ጠየቀች።

«እንዲህ የሚባል መደብ የለንም እኮ እህቴ» አሏት የሰው ኃይል ኃላፊዋ።

«መደቡ ይቅር፤ ዝርዝሩ ላይ ብቻ ይግባልኝ።»

ለምን እንደለፋች የገባኝ ቆይቶ ነው። የሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪው ለሠራተኛው የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ያች የልምድ ደብዳቤ ስትጻፍ ጸሐፊው የሚቀዳው ከሥራ ዝርዝሩ ነው። «ኤሌክትሪካል መሐንዲስ» ብቻ ከተባለ ሦስት ዓመት ፈርምዌር የጻፈ ሰው ሦስት ዓመት ሽቦ ከዘረጋ ሰው አይለይም። መስመሩ ገባላት። የሙከራ ጊዜዋ ያው አዋጁ የሚፈቅደው 60 የሥራ ቀን ነው።

መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነበር። ደንበኛው መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሳ መቆጣጠሪያው አንዳንዴ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴ የተሞላለትን የውሃ ከፍታ ይረሳል ብሎ መልሶታል። ከእሷ በፊት ያየው ቴክኒሻን ኮዱ ተበላሽቷል ብሎ ደጋግሞ ጭኖታል። ቴስተር ብታስጠጋ 5 ቮልት ያሳያል፤ ቴስተር ዘገምተኛ ስለሆነ ለቅጽበት የወረደውን አያይም። ኦሲሎስኮፕ ለምና አገኘች። ጄኔሬተሩ ጭነቱን ሲቀበል ቮልቴጁ ወደ 3 ወርዶ ይመለሳል። ቺፑ በ16 ሜጋኸርትዝ ሲሠራ ከ3.8 ቮልት ገደማ በታች አምራቹ ኃላፊነት አይወስድም፤ በዚያ ቮልቴጅ ያልታዘዘውን ሊሠራ፣ ኢኢፒሮሙ ላይም ቆሻሻ ሊጽፍ ይችላል። ለዚህ ተብሎ ቮልቴጅ ሲወርድ ቺፑን በጊዜ የሚያቆም ጠባቂ በውስጡ አለ። ሦስት ደረጃ አለው፦ 1.8፣ 2.7 እና 4.3። ቦርዱ ላይ የተቀመጠው 2.7 ነበር፤ ስለዚህ 3 ቮልት ላይ ጠባቂው ምንም ችግር አላየም።

4.3 ላይ አደረገችው። ጄኔሬተሩን ደጋግመው አስነሱ፤ መቆጣጠሪያው በየጊዜው ጠፍቶ ተነሳ፤ ከፍታውን አልረሳም። ኮዱ አልተነካም።

የምሕንድስና ክፍሉ ኃላፊ ሪፖርቱን ቆመው አነበቡና «ሌሎቹስ ቦርዶች?» አሏት።

«የትኞቹ?»

«ከዚህ ጋር አብረው የመጡት። ዘንድሮ የተሸጡትን ዝርዝር ከሽያጭ ክፍል ውሰጂ፤ ከዝዋይና ከመቂ ጀምሪ፤ እዚያ መብራቱ ይበልጥ ይቆራረጣል።»